ተራ አስከባሪ

የወረቀት ፋብሪካ ነበረ ድሮ፣
ግድግዳው ውስጥ ዛሬም የጥድ ጠረን አለ ተቀብሮ።
መጋዙ ተነቅሎ፣ ማሽኑ ተሽጦ፣
ሰርቨር ተደርድሯል አረንጓዴ ዓይኑን አፍጦ።

ፊንላንድ፣ ሰሜኑ ጫፍ፣ ጥር ወር ላይ፣ ሌሊት፤
አውሊኪ ናት ዛሬ ብቸኛ ተረኛዪት።
ውጭ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤
እሷ በካናቴራ ትሠራለች።

አንድ አካል ነው ሰርቨሩ፣ ሠላሳ ነፍስ አዝሏል፤
ሠላሳውም እንግዳ «ቤቱ የኔ ነው» ይላል።
አንዱ የቁማር ቤት ነው፣ ኳስ የሚያስገምት፤
አንዱ የሆስፒታል፣ የደም ዓይነት የሚጻፍበት፤
አንዱ የአንዲት ባልቴት የሹራብ ሱቅ፣
ሦስት ጥንድ ጓንት የሚሸጥ፣ ገበያው ሲደምቅ፤
አንዱ ደግሞ አለ፣ ካቻምና ተከፍቶ
ማንም ሳይዘጋው የቀረ፣ ባለቤቱ ረስቶ፤
ለብቻው ይቆጥራል። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ፕሮሰሰሩ ስምንት፣ ፈላጊው ሠላሳ፤
ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን ቢያነሳ
ተራ አስከባሪው አለ ከመሀል፣
ፊሽካ የለው፣ ዱላ የለው፣ አይቆጣ፣ አይምል።
«ግባ» ይላል፣ «በቃህ» ይላል፣ «ቀጣይ» ይላል፤
ሠላሳ ሚሊሰከንድ ቆርሶ ላንዱ ይሰጣል፣
ውጦ ሳይጨርስ ለሌላው ያጎርሳል።

የሚገርመው ይኼ ነው፦
ከገበታ የተነሳው መነሳቱን አያውቅም።
እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ሕልም አላየም፣ አልደከመም፤
«ደም» ሊል ጀምሮ ከ«ደ» በኋላ ቆሞ፣
ሲመለስ «ም» ይላል፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ደግሞ።
ሰዓቱ ብቻ ይዘላል።
መቆጣጠሪያው ላይ ግን አንድ ዓምድ አለ፣ ከጠርዝ፣ ዳር ላይ፣
«የተሰረቀ ጊዜ» የሚል፣ በመቶኛ የሚታይ።
ሌባ የለም እዚህ። የተሰረቀው ግን አለ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ቁማር ቤቱ ሰከረ፤
በሌላ አህጉር ጨዋታ ተጀምሮ ነበረ።
ክብደቱ እጥፍ ነው፤ ከፍሏል፤ ውል አለ፤
የሆስፒታሉ ዓምድ አሥር፣ ሃያ፣ አርባ አለ።
ለአለቃዋ ለራውኒዮ ደወለች።
«ውሉን እይ» አላት፣ እንቅልፍ ባፈነው ድምፅ፤
«ድርሻ ድርሻ ነው። ቁጥር እንዳትነኪ።»
ስልኩ ተዘጋ። ማራገቢያው አፏጨ።

አባቷ አልፖ፣ እዚሁ ግንድ ሲልጥ የኖረ፣
አሁን ከወንዙ ማዶ በአረጋውያን ቤት የቀረ።
አሥራ አራት ናቸው በአንድ ኮሪደር፣ ነርሷ አንዲት፤
ላንዱ ሰባት ደቂቃ፣ ላንዱ ስድስት።
እሑድ እሑድ ሄዳ በሩን ስትከፍት
«ጓንትሽን ረስተሽ ነው የተመለስሽ?» ይላል፤
ሳምንቱ ለሱ እንደ አንድ እርምጃ ያልፋል፤
ባለፈው የጀመረውን ቃል ይጨርሳል።
አልጠበቀም። አልናፈቀም። ሆድ አልባሰውም።
ዓምዱ ያለው እሷ ጋ ነው።

ቁጥሩን ነካችው።
የሆስፒታሉን ክብደት እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ አደረገች፤
ረስተው የተዉትን፣ ያንን ቆጣሪ፣ አስተኛች።
(ይቅርታ ልትለው ፈለገች። ለማን ትበል?)
ሹራብ ሱቁ ትንሽ ዘገየ፤ ቁማር ቤቱ አጉረመረመ፤
ተራ አስከባሪው ግን አዲሱን ሕግ እንደ አሮጌው ፈጸመ፣
ሳይደነቅ፣ ሳያመሰግን።
አርባው ሃያ ሆነ፣ ሃያው አራት።
መዝገቡ ስሟን ከነሰዓቱ ጻፈባት።

ሲነጋ አልነጋም፤ በዚያ አገር ጥር ጨለማ ነው።
ማክሰኞ ነበር፤ የእሑድ መንገዷን በማክሰኞ ሄደችው።
በሩን ከፈተች።
«ጓንትሽን ረሳሽ?» አለ አልፖ፣ አንገቱን አቅንቶ።
ሁለቱም ጓንት እጇ ላይ ነበር፣ በረዶው ገና ያልቀለጠ።
«አዎ» አለችው፣ ወንበር እየሳበች፤
«ረስቼው ነው።»